ሽሪምፕ የበላሁባት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዎች እኔ ምን መብላት እንዳለብኝ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ባለቤቴ ደምሴ ነው። ሌላዋ ዓርብ ማታ ከዱባይ የገባችው ታናሽ እህቴ ሰናይት ናት። እኔ በመካከላቸው ሶፋው ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። ነገሩ የሚበላው በእኔ አፍ ነው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ወደ እኔ ዞረው “አንቺስ?” አላሉኝም። ያን ጊዜ ይኼ ምንም አልገረመኝም። ለምዶብኝ ነበር።

ትርሲት እባላለሁ። ኮልፌ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከተዳርኩ ወዲህ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ የምኖር ሴት ነኝ። ከመታመሜ በፊት 18 ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር መጋረጃ እሰፋ ነበር። ለዓመታት ንቄው የኖርኩት የደም ግፊት ኩላሊቴን አደከመውና ሥራውን አስተወኝ። መጀመሪያ ያዩኝ ሐኪም ኩላሊቴ ጨርሶ እንዳይወድቅ ምግብ አዘዙ። ሥጋ ይቀነስ፣ እንቁላልና ወተት ይቀነስ፣ ጨው ይቅር፣ ሙዝና ብርቱካን አይቅረባት፣ ድንቹም ተቆራርጦ በውሃ ይዘፍዘፍና ውሃው ተደፍቶ በሌላ ውሃ ይቀቀል አሉ።

ደምሴ ይኼን ሁሉ በቃሉ ያዘው። ዕድሜ ልኩን እንቁላል ጠብሶ የማያውቅ ሰው፣ አየር ጤና ካለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣ ድንቼን ይቀቅል ጀመር። ዘመድ ጥየቃ መጥቶ ዶሮ ወጥ ሲያቀርብልኝ እሱ ነው ሳህኑን የሚያነሳው። ለአንዲት ቀን እንኳ አልሰለቸም። ሰው ሁሉ “እንዲህ ያለ ባል ማን አላት?” ይለኝ ነበር፤ እኔም እላለሁ።

ያም ሆኖ ኩላሊቴ አልቆመልኝም። የኩላሊት እጥበት ጀመርኩ። በግራ ክንዴ ላይ፣ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ደም ሥሮች በቀዶ ጥገና አገናኝተው ደሜን ለሚያጣራው ማሽን የሚሆን አንድ ወፍራም ደም ሥር ሠሩልኝ። ጣቴን ሳሳርፍበት ድምፁ እንደተዘጋ ስልክ ይነዝራል። ንዝረቱ ካለ ደሙ እየሄደ ነው፤ ከጠፋ ግን መታጠቢያ በሬ ተዘጋ ማለት ነው። በዚያ እጅ ግፊት አይለካም፣ መርፌ አይወጋም፣ ከባድ ነገር አይያዝም።

እጥበት ከጀመርኩ በኋላም ምግቤ ያው ድንችና ያው እንጀራ በአልጫ ነበር። ይቀየር ያለን የለም፤ ወይ ብለውን አልሰማንም። ሐኪሞቹ በየአልጋው ሲዞሩ፣ “ምግቧ እንዴት ነው?” ብለው ይጠይቃሉ።

“በጣም ነው የምንጠነቀቀው ዶክተር፤ ከተባለው አናልፍም” ይላል ደምሴ።

“ጎበዝ!” ብለው ያልፋሉ።

እኔም ዝም። ቀሚሶቼን በሁለቱም ጎን እየሰፋሁ አጠበብኳቸው፤ በኋላ ለመስፋትም ትርፍ ጨርቅ ጠፋ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሁሉ “እጥበቱ ነው እንዲህ የሚያከሳት” ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ዓርብ ማታ ሰናይት በር ላይ ስታቅፈኝ ወዲያው ነው የለቀቀችኝ።

“እትዬ፣ አጥንትሽ እኮ ወጋኝ!” አለችና ፊቷን አዞረች።

እሷ ዱባይ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ናት። የአሠሪዋ እናት እንደ እኔ ታጣቢ ነበሩ። ታዲያ ለእሳቸው የምትሠራላቸውን አስባ፣ በበረዶ ሳጥን አሽጋ ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ምግብ ይዛልኝ መጥታለች። የቅዳሜውን ጭቅጭቅ ያስነሳው እሱ ነው።

“ጋሼ፣ የሚታጠብ ሰው መብላት አለበት” አለችው። “እኒያ አሮጊት ዓሣ ይበላሉ፣ እንቁላል ይበላሉ፣ ይኼንንም ይበላሉ። ሐኪማቸው ነው ያዘዘላቸው። ከእሷ የተሻለ ነው የሚራመዱት!”

“ለእኔ ደግሞ ሐኪሙ በጆሮዬ ነው የነገረኝ። ሥጋ ነክ ይቀነስ ነው ያለው።” ደምሴ የሳጥኑን ክዳን ከፈት አድርጎ አየና ፊቱን ኮሶ አስመሰለ። “ደሞ ይኼ ምኑ ይበላል? በረሮ እኮ ነው የሚመስለው! ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ተብሎ የለ እንዴ?”

“አንተ አትብላ። እሷ ግን እየሞተች ነው፣ አይታይህም?”

ደምሴ የሳጥኑን ክዳን ቀስ አድርጎ ገጠመው። ጃኬቱን ለበሰና፣ “ትርሲትዬ፣ ድንችሽ ተቀቅሏል፤ ድስቱ ውስጥ ነው” ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሰናይት ወደ ኩሽና ገባች። ብዙም ሳይቆይ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ሽታ መጣ። ምራቄ አፌን ሞላው። አፌ ምራቅ እንደሚያመነጭ ረስቼው ነበር። ሳህኑን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ካልፈለግሽ አላስገድድሽም እትዬ።”

“አምጪው” አልኳት።

ሃይማኖቱንም፣ ሐኪሙንም፣ ደምሴንም አላሰብኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ርቦኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጎረስኩ። ከዓሣ ጠንከር፣ ከዶሮ ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ጨው የለውም፤ ሎሚው ግን ለምላሴ ከበቂ በላይ ሆነለት። ሁለተኛውን ራሴ አነሳሁ። ሰናይት እያየችኝ ትስቃለች፣ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። ሳህኑን ባዶ አደረግሁት።

“አየሽ!” አለችኝ። “አየሽ እትዬ!”

ሳህኑን አጥባ ሳትመለስ መዳፌን በላኝ። አከክሁት። ቀጥሎ ከንፈሬን ወረረኝ፤ የተቆነጠጠ ይመስል ሞቀኝ። ሎሚው ነው አልኩ። ጋቢውን ገልጬ ክንዴን ሳየው ቀያይ እብጠት ወጥቶበታል፤ እያየሁት አንዱ ከሌላው ጋር ይገናኛል።

“ሰኒ” ብዬ ተጣራሁ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ምላሴ አፌን ሞልቶታል።

ከኩሽና ብቅ ስትል ፊቴን አይታ የያዘችውን ጣለችው። “ወይኔ እትዬ! ከንፈርሽ! ምን ሆንሽ?”

ልመልስላት ፈልጌ አየር አጠረኝ። ጉሮሮዬ ከውስጥ በኩል እየጠበበ ነው። የምስበው አየር ፉጨት ሆኖ ይገባል። አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እየቆራረጠ ነው የማስታውሰው። ሰናይት በባዶ እግሯ አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ባጃጅ ይዛ መጣች። ደግፋኝ ስታስገባኝ እግሬ የእኔ አልነበረም። በስልክ “ጋሼ፣ ድረስ! ጋሼ፣ ትርሲት!” ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ ያንኑ። ሹፌሩ የት እንደሚወስደን ጮክ ብሎ በስልኩ ነገረውና፣ እጁን ከጥሩምባው ላይ ሳያነሳ ወደ 18 ማዞሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ክሊኒክ አደረሰን።

ወጣት ሐኪም ነው የተቀበለን።

“ምን በላች?”

“ሽሪምፕ!”

“ምን?”

“የባሕር! ሽሪምፕ! በሕይወቷ በልታው አታውቅም!”

ሐኪሙ ሌላ አልጠየቀም። መርፌ አዘጋጅቶ በቀሚሴ ላይ እንዳለ ጭኔን ወጋኝ። አንዷ ነርስ ደግሞ የግፊት መለኪያውን ይዛ መጣችና ወደ እሷ በኩል ያለውን እጄን አንስታ መጠምጠም ጀመረች። ግራዬን።

አይደለም ልላት ፈለግሁ። ምላሴ አይንቀሳቀስም። እጄን ሳብኩባት።

“ተረጋጊ እናቴ፣ ተረጋጊ” አለችና መልሳ ያዘችኝ።

እንደገና ሳብኩ። በቀኝ እጄ ልገፋት ሞከርኩ።

“እየተወራጨች ነው፤ ያዢልኝ” አለቻት ሰናይትን። እህቴም ያዘችኝ። ስለ እጄ አታውቅም፤ ከነገርናት ብዙ ነገር ውስጥ ያንን አልነገርናትም። በዓይኔ ለመንኳት። እሷ “አይዞሽ፣ አይዞሽ” እያለች ትከሻዬን አልጋው ላይ ታጣብቀዋለች። ሁለቱም ሊያድኑኝ ነው የያዙኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ከጉሮሮዬ መዘጋት ጋር አላወዳድረውም። እየሞትኩ ነው ከሚለው ይልቅ፣ እየሰማኝ ያለ አንድ ሰው የለም የሚለው ነው ያስጮኸኝ፤ ያውም ያለ ድምፅ።

መለኪያው ተነፍቶ ክንዴን ጨመቀው። በዚያው ቅጽበት በሩ ተበረገደ።

“ግራ እጇን ልቀቁ!” ደምሴ ነው። “ያ እጅ አይነካም! ታጣቢ ናት! የኩላሊት ታማሚ ናት!”

ነርሷ ደንግጣ ፈታችው። በቀኙ ለኩኝ። ግፊቴ በጣም ወርዷል። ሐኪሙ የፈሳሹን ከረጢት ማንጠልጠያው ላይ ሲሰቅል ደምሴ ብረቱን ያዘበት።

“ፈሳሽ አይቻልም ዶክተር! የምትጠጣው ውሃ እንኳ ተለክቶ ነው። ሳንባዋ ላይ ይሄድባታል።”

“ያሉት ልክ ነው ጋሼ፣ በሌላ ቀን ቢሆን። ዛሬ ግን ግፊቷ ወድቋል። ካልሰጠኋት እዚሁ እጃችን ላይ ትቀራለች።”

“ከልክለዋል እኮ! ሐኪሟ ነው የከለከለው!”

“ጋሼ፣ ይልቀቁልኝ።”

ደምሴ የያዘውን ብረት አየ፣ እኔን አየ፣ ሐኪሙን አየ። የሚያውቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከእጁ እንደወጣ ሰው ቆመ። ከዚያ ለቀቀው። በቀኝ እጄ ፈሳሹ ገባ፤ ሁለተኛ መርፌ ተወጋሁ። ጥቂት ቆይቶ ፉጨቱ እየቀጠነ፣ አየሩ እየሰፋ መጣ። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተደግፋ የቆመችው ሰናይት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እስኪመሽ እዚያው አቆዩኝ። ምላሴ መለስ ሲል፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ጣቴን ግራ ክንዴ ላይ ማሳረፍ ነው። ጠበቅሁ። ቦታውን ቀየርኩ። ትንሽ ጫን አልኩ።

“ደምሴ።”

“ወዬ?”

“አይነዝርም።”

እሱም ነካው። ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ግፊት እንደዚያ ሲወርድ ደሙ ይዘገያል፣ ይረጋል አለን። የመለኪያው መጨመቅ ምን ያህል እንደጨመረበት ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። በማግሥቱ እጥበት ከምታጠብበት ሆስፒታል ሄደን ቀዶ ሐኪሙ አየው። ማዳን አይቻልም፤ ሌላ እስኪሠራልኝ በአንገቴ በኩል ቱቦ ይገባልኛል ተባልኩ።

እሑድ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ነገር መናገር ይከብደኛል። ደምሴና ሰናይት አይነጋገሩም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲገናኙ፣ “ገድለሻት ነበር” ሲላት ሰማሁት። እሷ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ልትጠይቀኝ የመጣች አንዲት ጎረቤት ደግሞ አልጋዬ ዳር ተቀምጣ፣ በርኅራኄ ድምፅ፣ “ምን ታደርጊዋለሽ የኔ ልጅ፤ ያልተፈቀደውን ሲበሉ እንዲህ ነው” አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የበላሁትን ሳይሆን፣ በልቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ሰኞ ቱቦው አንገቴ ላይ ገባ። ከዚያ በኋላ የኩላሊት ሐኪሜ ዘንድ ገባን፤ ሰናይትም ተከትላን ገብታ በሩ ጋ ቆመች። ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት። የደም ውጤቴን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ውጤቱን አየች።

“ሽሪምፕ ለምን በላሽ?” አለች።

“ዶክተር፣ እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ እህቷ ናት...” ደምሴ ጀመረ።

“እኔ ልመልስ” አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ። ድምፄ ገና ሻካራ ነበር። ለሐኪሟ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከስሜ በቀር የነገርኳት ነገር አልነበረም።

“የበላሁት ስለራበኝ ነው።”

“ስንት ጊዜሽ ነው ከራበሽ?”

“እጥበት ሳልጀምር ጀምሮ።”

ብዕሯን አስቀመጠች። “ቀን ቀን የምትበይውን ንገሪኝ። አንቺው ንገሪኝ።”

ነገርኳት። ድንቹን፣ አልጫውን፣ የሚነሳውን ሳህን። ሰምታኝ ስትጨርስ ወደ ደምሴ ነው ያየችው፤ በቁጣ ግን አልነበረም።

“ይኼ ምግብ እጥበት ከመጀመሯ በፊት ትክክል ነበር። ያኔ የደከመ ኩላሊት ላይ ጭነት እንዳይበዛ ነው። አሁን ሥራውን ማሽኑ ይዞታል፤ ማሽኑ ደግሞ ቆሻሻውን ሲያወጣ ገንቢ ምግቧንም አብሮ ይወስድባታል። ጨውና ሙዙ እንደተከለከለ ይቀጥላል። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ ግን እንዲያውም መጨመር ነበረባት። ያከሳት እጥበቱ ብቻ አይደለም፤ ምግብ አጥታ ነው። ይኼን ደግሞ ቀድመን ማየት የነበረብን እኛም ነን።” ወደ በሩ ተመለከተች። “አንቺ ያልሽው ለሌሎች ታጣቢዎች ልክ ነው። የእህትሽ ሰውነት ግን ያንን ምግብ አይቀበለውም። ሽሪምፕም ሆነ የዚያ ዘር የሆነ ማንኛውም የባሕር ምግብ፣ ለዘለዓለም እንዳትቀምስ።”

ሰናይት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ደምሴ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወጥተን ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሰናይት ራቅ ብላ ቆመች። ደምሴ ጫማውን እያየ፣

“ትርሲት፣ እውነት ይርብሽ ነበር?” አለኝ።

“ይርበኝ ነበር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሱቅህን ዘግተህ መጥተህ፣ ድንቹን በእጅህ ስትልጥልኝ እያየሁ፣ በምን አፌ?”

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሰናይት ስታየው መጣችና በሌላኛው ጎኑ ተቀመጠች። ይቅርታ አልተባባሉም። እሷ ብቻ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ከዓመት በላይ ሆኗል። ቱቦው ከአንገቴ ወጥቷል። አዲሱ ደም ሥር የተሠራልኝ በቀኝ እጄ ነው። ቀኙ የመቀስ እጄ ነበር፤ ስለዚህ ወደ መጋረጃው ሥራ አልመለስም፤ ከባድ ጨርቅ አልጎትትም። ይኼን ሳስብ እስካሁን ይከፋኛል። የጎረቤቴም ቃል በአንዳንድ ቀን ይመለስብኛል፤ ለምን እንደሚመለስ አላውቅም። በሌላ በኩል ግን ደረጃ እወጣለሁ። ቀሚሶቼን ፈትቼ አሰፋኋቸው። ደምሴ ዛሬም ያበስላል፤ ሱቅ ሆኖ ይደውልና “ዛሬ ምን አማረሽ?” ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ያስጨንቀኝ ነበር፤ መልስ ይጠፋኛል። አሁን እመልሳለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ “አልፈልግም፣ ሌላ” እላለሁ።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ የእኔን ምግብ ቅዱ አልላችሁም። አንዱ ታማሚ የዳነበት ለሌላው መርዝ ነው፤ ለአንድ ሰው እንኳ ትናንት ያዳነው ዛሬ ሊገድለው ይችላል። ታማሚ የምታስታምሙ ካላችሁ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ግን ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ለአፍታ ዝም በሉና ታማሚው ራሱ ይናገር። የታመማችሁት ደግሞ የሚያማችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ከወንበሩ አትነሱ። የሚርባችሁም ከሆነ፣ ይርበኛል በሉ።